ዝም ያለው ሰውዬ



አስተማሪ በመሆኔ ወላጆች «ልጆቻችን ምን ዓይነት ፊልም ቢያዩ ይሻላል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለዚህ ጥያቄ ጥቅል መልስ መስጠት አልወድም። አንድ ፊልም አንስቶ፣ በውስጡ ያለውን ጥሩውንም መጥፎውንም መናገር ይሻላል ባይ ነኝ። ለዛሬ ያነሳሁት እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን፣ ጃኪ ቻንና ክሪስ ተከር የተጫወቱበትን «ራሽ አወር» ነው። ዕድሜው ቢገፋም ተማሪዎቼ አሁንም በስልካቸው እየተቀባበሉ ያዩታል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በሎስ አንጀለስ የቻይና ቆንስል ሴት ልጅ ትታገታለች። አባቷ ለሚያምነው ለሆንግ ኮንጉ ፖሊስ ለኢንስፔክተር ሊ መልእክት ይልካል። ኤፍ.ቢ.አይ. ግን የውጭ ፖሊስ እንዲገባበት አይፈልግም፤ ስለዚህ እንግዳውን ከጉዳዩ አርቆ የሚያዞርለት ሰው ከከተማው ፖሊስ ይጠይቃል። ለዚህ የሚመረጠው ካርተር ነው፤ ወሬኛ፣ ጉረኛ፣ ለብቻው መሥራት የሚወድ፣ አለቃው ሊገላገለው የሚፈልግ ሰው። የማይጣጣሙ ሁለት ሰዎችን አንድ መኪና ውስጥ ማስገባት አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ በ1982 «ፎርቲ ኤይት አወርስ»፣ በ1987 «ሌታል ዌፐን» ይህንኑ አድርገውታል። ይሁንና በእነዚያ ፊልሞች ጥንዶቹ ጥቁርና ነጭ አሜሪካዊ ነበሩ። እዚህ ግን ጥቁር አሜሪካዊና ቻይናዊ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ደግሞ በኤፍ.ቢ.አይ. ዘንድ የማይፈለጉ ናቸው።

የፊልሙ ቁልፍ ያለው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነው። ካርተር ሊን ሲቀበለው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንግሊዝኛ ይችል እንደሆነ ይጠይቀዋል። ሊ ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። ካርተር «አይሰማም» ብሎ ይደመድምና እፊቱ እንዳሻው ይናገራል፤ «ልክ እንደ አገርህ ነው» ብሎም በቻይና ቤተ መቅደስ አምሳል የተሠራውን የሆሊውድ ሲኒማ ቤት ያሳየዋል። በኋላ ሊ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ሲናገር ካርተር ይናደዳል። የሊ መልስ ግን ቀላል ነው፤ አልችልም አላልኩም፣ አይችልም ብለህ የገመትከው አንተ ነህ። መናገር የሚወድ ሰው ይናገር ዘንድ መተውም ደስ እንደሚለው ይጨምርበታል።

ይህ ትዕይንት ልቤን የሚነካው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ጠዋት አስኳላ፣ ከሰዓት በኋላ መድረሳ እየተመላለስኩ ነው ያደግሁት። በመድረሳ በኡስታዙ ፊት ዝም ብሎ ማዳመጥ አደብ ነበር፤ ቂርአቱ የሚጀመረውም በእርሱ ነው። በአስኳላ ግን እጁን የማያወጣ ልጅ «ደካማ» ይባላል። ስለዚህ የእኛ ሰፈር ልጆች ያንኑ ዝምታ ይዘን በአንዱ ቤት ጨዋ፣ በሌላው ቤት ደደብ ነበርን። አሁን በማስተምርበት ክፍል አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣ፣ በቤቱ አማርኛ የማይነገር ልጅ ነበረ። ወራት ሙሉ አፉን አልከፈተም። ከመምህራኑም ከተማሪዎቹም «ምንም አይገባውም» የሚሉ ነበሩ። አንድ ቀን በትምህርት መሐል አንድ ቀልድ ብጤ ጣል ሳደርግ፣ ከክፍሉ ሁሉ ቀድሞ የሳቀው እርሱ ነበር። ሌሎቹ ከሳቃቸው በፊት ዞር ብለው ያዩት እርሱን ነው።

እንግዲህ ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው፣ ፊልሙ ወደ እኛ ሲደርስ ቦታው መገልበጡ ነው። በልጅነቴ ያየሁት ዴክ ባለው ዘመዳችን ቤት ነው። ትርጉም አልነበረውም፤ ከተሰበሰብነው እንግሊዝኛ በቅጡ የሚሰማ አንድም አልነበረም። አሜሪካኖቹን በካርተር አንደበት ያሳቃቸው ቀልድ ሁሉ ለእኛ ጫጫታ ነበር። የገባን ዝም ያለው ሰውዬ ነው። በመጨረሻው ፍልሚያ ሊ ከጠላቶቹ ጋር እየተደባደበ፣ የአገሩ ጥንታዊ ማሰሮዎች እንዳይሰበሩ በእጁም በእግሩም ይይዛቸዋል። ያንን ለመረዳት ማን አስተርጓሚ ይፈልጋል? የቤቱ አሮጊት ሳይቀሩ «ያዘው፣ ያዘው!» ይሉ ነበር። ጃኪ ቻን ከልጅነቱ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በሆንግ ኮንግ የቻይና ኦፔራ ትምህርት ቤት፣ በጥብቅ ሥርዓት ሰውነቱን ያሠለጠነ ሰው ነው። ንግግሩ እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበው ልምጣ። በፊልሙ ውስጥ ስድብ ሞልቷል፤ ካርተር ስለ ቻይናውያን የሚወረውራቸው ቀልዶችም አንዳንዶቹ ንቀት ናቸው። ሕዝብ በሕዝብ እንዳይሳለቅ የሚከለክለውን የሱረቱል ሑጁራትን ትምህርት የሚያውቅ ቤተሰብ እነዚህን ሰምቶ ማለፍ የለበትም። እኔ ለአሥር ዓመት ልጅ አላሳይም። ለአሥራ አምስት ዓመቱ ግን አብሬው ተቀምጬ አሳየዋለሁ፤ በተለይ የመጠጥ ቤቱን ትዕይንት። ካርተር ለገዛ ወገኖቹ በቀልድ የሚጠራቸውን አንድ ቃል ሊ ሰምቶ፣ በቅን ልቦና ለሰላምታ ይደግመዋል፤ ወዲያው ድብድብ ይነሳል። በአንዱ አፍ መቀራረብ የሆነ ቃል በሌላው አፍ ስድብ ይሆናል። በክፍሌ ከሚነሱት ጠቦች ስንቶቹ ከዚህ እንደሚመነጩ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጁን እዚያ ላይ አቁሞ «ሊ ምን አጠፋ?» ብሎ መጠየቅ ከረጅም ምክር ይሻላል።

እንደ ጃኪ ቻን ፊልሞች ልማድ፣ በመጨረሻ የተዋንያኑ ስም ሲያልፍ ሲቀረጹ የተሳሳቱባቸው ቦታዎች ይታያሉ። ክሪስ ተከር ጥቂት የቻይንኛ ቃላት እንዲናገር ተሰጥቶት ደጋግሞ ያበላሻል። ያኔ ጃኪ ቻን ወደ ካሜራው ዞሮ፣ ይህ ሰው ሁልጊዜ በእንግሊዝኛዬ ይስቃል፣ ሦስት የቻይንኛ ቃል ግን አቃተው ብሎ ያሾፍበታል። በፊልሙ ውስጥ ያልተመለሰው ቀልድ የሚመለሰው እዚያ ነውና፣ ለልጆቻችሁ ካሳያችኋቸው ስሞቹ ማለፍ ሲጀምሩ ቴሌቪዥኑን አታጥፉ።