ስድስት ወይስ ስምንት?

በአሜሪካ የዩኤስፒኤስኤ የተኩስ ውድድር ላይ ሪቮልቨር ይዞ ለመሰለፍ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ መወሰን ያለበት ሽጉጡ ስንት ጥይት እንደሚጎርስ ነው።

እኔ ልቤ ለ.45 ኤሲፒ ያደላል። ጥይቱ አጭርና ወፍራም፣ ጫፉም ድቡልቡል ስለሆነ ስድስቱ ሙን ክሊፕ በሚባል ቀጭን ብረት ተያይዘው በአንዴ ይጎረሳሉ። አሜሪካዊው ተኳሽ ጄሪ ሚኩሌክ እ.ኤ.አ. በ1999 ስድስት ተኩሶ፣ አጉርሶ፣ እንደገና ስድስት በ2.99 ሰከንድ የጨረሰው በዚሁ ጥይት ነው።

ስምንት ጎራሹ ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ተፈቅዶ ሚዛኑን ለውጦታል። ነጥቡ በጥይቱ ኃይል ይለያያል፦ የእርሳሱ ክብደት በግሬይን፣ ፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል 165 ከደረሰ “ሜጀር”፣ 125 ከደረሰ “ማይነር” ይባላል። ስምንት የሚያጎርስ ሰው ነጥቡ በማይነር ይያዛል፤ ከመሃል ትንሽ የወጣ ምት በሜጀር 4፣ በማይነር 3 ያስገኛል። ስለዚህ የኢላማውን መሃል መምታት የሚችል ሰው በስምንቱ ያተርፋል፤ ቆሞ የሚያጎርስበት ጊዜ ይቀንስለታልና። ለ.357 ጥይት በተሠራ ስምንት ጎራሽ ሽጉጥ .38 ሾርት ኮልት የተባለውን ጥይት የሚመርጡትም ቀለሁ አጭር በመሆኑ ቶሎ ስለሚወጣ ነው።

የቱንም ብትመርጡ ክሊፑን አትናቁ። ትንሽ ከጎበጠ ጥይት የሚይዘው ከበሮ ይከብዳል፣ ቃታው ይታገላል። የቀለሁ ጎድጓዳ ዙሪያ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ክሊፑን ከአንድ ዓይነት ቀለህ ጋር አጣምሩ። የጎበጠውን ሳትሳሱ ጣሉት፤ ከጥይት ምርጫው እኩል ውድድሩን የሚወስነው ይህ ቀጭን ብረት ነው።