ስሙ የተደበቀ በሽታ



በ2008 ዓ.ም. ክረምት እስቴ ውስጥ፣ በአንድ ዘመዴ ሱቅ ተቀምጬ ከአዲስ አበባ የመጣ ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። በመዲናዪቱ «አተት» መከሰቱን ይዘግባል። ጨው ሊገዙ የመጡ አንዲት አሮጊት አቋረጡኝ።

«አተት ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

«አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው እማማ።»

«እሱማ ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆቹን ያማቸው የለ!» ብለው እንስራቸውን አዝለው ወደ ምንጩ ወረዱ።

ጋዜጣው አልዋሸም፤ ግን አላስጠነቀቃቸውም። በ1998 ዓ.ም. ጋምቤላ ላይ ወረርሽኝ ሲነሳም ባለሥልጣናት «አጣዳፊ ተቅማጥ» ማለትን መርጠው ነበር፤ ብዙ ጋዜጦችም ቃሉን እንዳለ አስተጋቡት። ኮሌራ ግን እንደ ዘወትሩ ተቅማጥ አይደለም፤ የሰውነትን ውሃ አሟጥጦ ጤነኛውን ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አያቶቻችን እንኳ «ፈንግል» ብለው ይፈሩት ነበር። በ1858 ዓ.ም. በቤጌምድር የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የፈጀው ይኸው በሽታ ነው።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ቦታ ላይ የጦር አዛዦቹ ወረርሽኝ መግባቱን በግልጽ ነገሯቸው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍም (ረ.ዐ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካሉበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን አስታወሷቸው። ዑመርም ተመለሱ። እስቲ አስቡት፤ አዛዦቹ «መጠነኛ ሕመም ታይቷል» ብለው ቢሆን ኖሮስ?

እርግጥ ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል። ማጣራት ግን መደበቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በአማራ ክልል ወረርሽኝ ሲነሳ የጤና ሚኒስቴር ኮሌራ መሆኑን በስሙ ጠርቶ አስታወቀ፤ ጋዜጦችም ጻፉት። ሰማይ አልተደፋም። ሰው ግን ከምን መጠንቀቅ እንዳለበት አወቀ።

ውድ አንባብያን፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር አንድ ጋዜጣ የሚነበበው በአንድ ሰው አፍ ለብዙ ጆሮ ነው። ስለዚህ አማናው የጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ የአንባቢውም ጭምር ነው። የበሽታውን ስም ሕዝቡ በሚያውቀው ቃል ንገሩ። ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ የታመመውን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱ በሉ።

ያን ዕለት እኔ ከተሜው በሹክሹክታ «ኮሌራ ነው» ሲል ሰምቼ ነበር የሄድኩት። ጋዜጣውን አጥፌ እኚያን እናት እስከ ምንጩ መከተል ነበረብኝ። አልተከተልኳቸውም። አላህ ይማረኝ።