«ኧርዙን ማን ፈታው?»

እኛ ሰፈር፣ ደሴ ሆጤ፣ ከአጥራችን ቀጥሎ ብየዳ ቤት አለ። ብየዳው በተጀመረ ቁጥር የእናቴ ሬዲዮ ጭርርር ይላል። «ዛሬም ዜናውን በላው» ትልና ታጠፋዋለች። ዲፓርትመንታችን ገብቼ ኢንስትሩመንቴሽን እስክማር ድረስ ነገሩን ከዚህ በላይ አስቤው አላውቅም።

ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት ኮምቦልቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ አንድ ፋብሪካ እገባለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። እዚያም ያው የሬዲዮው ችግር ጠበቀኝ።

የአንድ ክፍት የውኃ ታንከር ሙቀት በኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ይለካል። የፓምፑ ሞተር ቆሞ ሳለ ንባቡ 85 ዲግሪ ላይ ይረጋል። ኢንቨርተሩ ሞተሩን ሲያስነሳው ግን 100 ይገባል። ኮምቦልቻ ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ውኃ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ 100 ከየት ይመጣል? ቴርሞካፕሉ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ምን ዋጋ አለው!

እስቲ አስሉት። ኬ ዓይነቱ ለአንድ ዲግሪ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ የ15 ዲግሪ ስህተት ለማምጣት 0.6 ሚሊቮልት ይበቃል። ኢንቨርተሩ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት በሰከንድ ሺህ ጊዜ እያበራ ያጠፋል። የሁለቱ ገመድ በአንድ ትሬይ ላይ 30 ሜትር ያህል ጎን ለጎን ተኝቷል። በዚያ ላይ የመለኪያው ገመድ ሺልድ ታንከሩም ጋ ፓነሉም ጋ ኧርዝ ተደርጓል። የሁለቱ ቦታ ኧርዝ እኩል ቮልቴጅ ላይ ስለማይሆን በሺልዱ ውስጥ ከረንት ይዞራል። ጋሻ ይሆናል የተባለው ራሱ ረብሻ አመጣ ማለት ነው።

«ኧርዝ በአንድ በኩል ብቻ» የሚለው ሌክቸር ትዝ አለኝ። ደስ ብሎኝ ካቻቢቴ አነሳሁና ፓነሉ ውስጥ ያገኘሁትን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ፈታሁ። ንባቡ ረጋ። ሠራተኞቹ ሻይ ጋበዙኝ።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን መጡ። ፓነሉን ከፍተው አዩና፣

«ኧርዙን ማን ፈታው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ኖይዙ ጠፋ እኮ!»

አልተቆጡም። ፓነሉን ከመሬት የሚያገናኘው ያቺ ቀጭን የሺልድ ሽቦ ብቻ መሆኗን አሳዩኝ። ከዚያ «እጅህን ሰብስብ» ብለው እሷንም ታንከሩ ጋ ነቀሏት። በፓነሉ በርና በውኃው ቱቦ መካከል በቴስተር ለካን። 108 ቮልት!

የፓወር ሳፕላዩ ፊልተር ካፓሲተሮች የ220ውን ግማሽ ያህል ወደ ፓነሉ አካል ያደርሱታል። ከረንቱ ትንሽ ስለሆነ ይሄ በአብዛኛው ከመንዘር አያልፍም። «ፌዙ ራሱ በሩን ቢነካስ?» አሉ ጋሼ። ኧርዝ ካለ ብሬከሩ ይወድቃል። ከሌለ ግን በሩ 220 ይዞ፣ ምንም ሳይመስል፣ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። ያቺ ቀጭን ሽቦም ብትሆን ያንን ከረንት አትችለውም፤ ትቃጠላለች።

ማታ ማታ እዚያው ፓነል ሥር ወለሉን በጎማ ውኃ የምታጥብ እህት አለች። የምትገባው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ወላሂ፣ እሷን ሳስብ ጉልበቴ ከዳኝ።

ኧርዙን መልሰን አጠበቅነው። ሺልዱ ፓነሉ ጋ ብቻ ኧርዝ ሆኖ ቀረ፤ የታንከሩን ጫፍ ቆርጠን በናስትሮ ሸፈንነው። በማግስቱ ገመዱን ከሞተሩ ገመድ ለይተን በብረት ቱቦ ለብቻው ወሰድነው። መሻገር ግድ የሆነበት አንድ ቦታ ላይም ጎን ለጎን ሳይሆን መስቀለኛ አደረግነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሲነሳ ንባቡ ከአንድ ዲግሪ በላይ አልተነቃነቀም። (በነገራችን ላይ፣ ከኢንቨርተር ወደ ሞተር ለሚሄደው ገመድ ሕጉ ተቃራኒ ነው፤ ሺልዱ በሁለቱም ጫፍ ይታሰራል። ፈተና ላይ የሳትኩት እሱን ነው።)

ሪፖርቴ ላይ ሥዕሉንም፣ ሂሳቡንም፣ አዲሱን የገመድ መስመርም ጽፌያለሁ። ስለፈታሁት ሽቦ ግን አንድም መስመር የለም። አማካሪዬም የሚሰሙት ገና አሁን፣ ይህን ሲያነቡ ነው።