እንግባ ወይስ እንለፍ?

መንገድ ሄዳችሁ መሽቶባችሁ ያውቃል? መሽቶባችሁ ከሆነ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ጭስ ወደሚታይበት መንደር ታመራላችሁ። ከአጥሩ ውጪ ቆማችሁ «ቤቶች!» ብላችሁ ትጣራላችሁ። ውሻው ይጮኻል። ባለቤቱ ይወጣል። «የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፤ የእግዜር እንግዳ» ትላላችሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የባለቤቱ ነው።

እኛም መሸብን። የመሸብን ግን በሩቅ አገር፣ በአውስትራሊያ በረሃ ነው። አንዲት መንደር አጠገብ ደርሰን «እንግባ ወይስ እንለፍ?» ብለን ተከራከርን። ዛሬ የምንነግራችሁ ያንን ነው።

አገሩ

አውስትራሊያ በባሕር የተከበበች ሰፊ አገር ናት። ስፋቷ ሰባት ኢትዮጵያን ያህላል። ሕዝቧ ግን 27 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው የሚኖረው በባሕሩ ዳር ባሉ ከተሞች ነው። መሐል አገሩ ደረቅ ነው። አፈሩ እንደ ሸክላ ቀይ ነው። ዝናብ ሲያሻው ይመጣል፤ ሲያሻው ይቀራል።

በዚህ ደረቅ ምድር ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። አቦርጂኖች ይባላሉ። ነጮች መጥተው መስፈር የጀመሩት በ1788 ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አቦርጂኖች ግን ከዚያ በፊት 50 ሺህ ዓመት ያህል ኖረውበታል። እኛ በሄድንበት በኩል ካሉት ብዙዎቹ ራሳቸውን «አናንጉ» ይላሉ። ትርጉሙ «ሰው» ማለት ነው።

መሬታቸው ሳይጠየቁ ተወሰደባቸው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት እንኳ የሕዝብ ቁጥር ሲወሰድ እነሱ እንዳይቆጠሩ ያዝዝ ነበር። ይህ ትእዛዝ የተሰረዘው በ1967 ነው። ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ከ100 ሰው ከ90 በላይ የሚሆነው «ይሰረዝ» አለ። ቀስ በቀስም መሬት መመለስ ተጀመረ። ኡሉሩ የሚባለው ትልቁ ቀይ ዓለት ለባለቤቶቹ የተመለሰው በ1985 ነው። ዛሬ በዚያ በረሃ ብዙው መሬት በነዋሪዎቹ እጅ ነው። በመሬታቸው ላይ ለማለፍ ፈቃድ ይጠየቃል።

መንገዱ

እኛ ሦስት ተማሪዎች ነን። የምንማረው ሜልበርን በሚባል ትልቅ ከተማ ነው። በዚያ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ሹፌራችን እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። ካርታ የምትይዘው እህታችን በሕፃንነቷ የሄደች ናት። ሦስተኛው ጓደኛችን ግን ወሎ ገጠር ተወልዶ፣ ከብት ጠብቆ ያደገ ነው። ትምህርት ሲዘጋ መኪና ተከራየን። ድንኳን ጭነን አገር ለማየት ወጣን። ወሩ ሐምሌ ነበር። በዚያ አገር ሐምሌ የብርድ ወር ነው።

ከኡሉሩ ተነሥተን ወደ ምዕራብ አቀናን። መንገዱ ላቨርተን እስከምትባል ከተማ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አብዛኛው አስፋልት የለውም። ጎማ ደጋግሞ ስለሄደበት እንደ ቤት ቆርቆሮ ሸንተረር ሸንተረር ሆኗል። መኪናው ሲሄድ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። በመንገዱ ዳር ሰው ትቷቸው የሄደ መኪናዎች ዝገው ይታያሉ።

ግመልም አለ። ግመል የአገሩ እንስሳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ዕቃ እንዲጭን በመርከብ ከእስያ የመጣ ነው። መኪና ሲመጣ ግመሉ ሥራ ፈታ። በየበረሃው ተለቀቀ። ዛሬ እንደ ዱር አውሬ በመንጋ ይኖራል። የወሎው ጓደኛችን «ጌታ የሌለው ግመል! ይህን ለአገሬ ሰው ብነግር ማን ያምነኛል?» አለ።

ዋራኩርና ከምትባል መንደር አጠገብ የአየር ጠባይ የሚለካበት ጣቢያ አየን። የተሠራው በ1956 ነው። በዚያን ጊዜ እንግሊዞች በዚያ በረሃ የአቶሚክ ቦምብ ይሞክሩ ነበር። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ማወቅ ፈለጉ። ጣቢያው የተሠራው ለዚህ ነው። የመሬቱን ሰዎች ግን «ቦምብ ልናፈነዳ ነው፤ ምን ትላላችሁ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በዚያ መንገድ ነዳጅ የሚሸጥባቸው ቤቶች አሉ። ከዋራኩርና ቀጥሎ ያለው ዋርበርተን ነው። በመካከሉ 230 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። የሚሸጠው ቤንዚን የተለየ ነው። በፊት አንዳንድ ወጣቶች ቤንዚን እያሸተቱ ይሰክሩ ነበር። ብዙዎች ታመሙ፤ የሞቱም አሉ። ስለዚህ ከ2005 ጀምሮ ቢሸተት የማያሰክር ቤንዚን በየመንደሩ ገባ። መጠጥም ክልክል ነው። እኛም አንድ ጠርሙስ ቢራ እንኳ አልያዝንም።

የማለፊያ ወረቀት ግን ይዘናል። ወረቀቱ በዋናው መንገድ ማለፍን ይፈቅዳል። ወደ መንደር መግባትን አይፈቅድም። ለዚያ ሌላ ፈቃድ ይጠየቃል። እኛ «ማለፉ ይበቃናል» ብለን ሳንጠይቅ ቀረን።

ጀሪካኑ

ከዋራኩርና ከወጣን በኋላ ጎማ ፈነዳ። ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እየሰጠመ አስቸገረን። ጎማውን ለመቀየር ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ዕቃ ስናወርድ ጀሪካኑን አየነው። በመንገዱ መንቀጥቀጥ ተሰንጥቋል። ሃያ ሊትር ውሃ በየመንገዱ ፈሷል።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የመንገድ ሰሌዳ ጋ ደረስን። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ቀስቱ ወደ ግራ ያሳያል። ከቁጥቋጦው በላይ የውሃ ታንከር ይታያል። የቤት ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ውሻ ይጮኻል። የመንደሯን ስም አንጽፍም። ያልጠራንን ሰው ቤት በጋዜጣ ማውጣት ደግ አይደለም።

ሰሌዳው ላይ ጥቂት ቃላት ተጽፈዋል። «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው። መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል።

ክርክሩ

ሹፌራችን ሞተሩን አጠፋ። «እንግባ» አለ። «ዋርበርተን ገና 120 ኪሎ ሜትር ይቀራል። በጨለማ መንዳት አይቻልም፤ ከግመል ወይም ከካንጋሩ ጋር እንጋጫለን። ውሃችን ፈሷል። እዚህ ሱቅ አለ፤ ሰው አለ። ማን ይከለክለናል?»

«ሰሌዳው ይከለክለናል» አለች እህታችን።

«ሰሌዳ እኮ ሰው አይደለም!»

«የጻፈው ግን ሰው ነው።»

የወሎው ጓደኛችን እስካሁን ዝም ብሎ ነበር። «በእኛ አገር የመሸበት እንግዳ አይመለስም» አለ።

ሹፌራችን ደስ አለው። «አየሽ! ሰምተሻል?»

«ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም» አለ ጓደኛችን። «አይመለስም። ግን ዘው ብሎም አይገባም። አባቴ መሽቶበት የሰው ደጅ ሲደርስ ከአጥር ውጪ ቆሞ ‹ቤቶች!› ይላል። ግቡ ካልተባለ እግሩን አያነሣም። ቤት ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅማ! የታመመ ሊኖር ይችላል። የተጣላ ሊኖር ይችላል። ሴቶች ብቻቸውን ሊሆኑ ይችላሉ። ‹ቤቶች!› ሲል ለባለቤቱ ጊዜ መስጠቱ ነው። እዚህ አገር ‹ቤቶች!› የሚባለው ፈቃድ በመጠየቅ ነው። እኛ ደግሞ አልተጣራንም።»

«ታዲያ አሁን እንጣራ» ብሎ ሹፌራችን ስልኩን አወጣ። ስልኩ አይሠራም።

እህታችን ካነበበችው አንድ ነገር ነገረችን። የዚያ በረሃ ሰዎች የጥንት ልማድ ነው። እንግዳ ወደ ሰው ሰፈር ሲመጣ በቀጥታ አይገባም ነበር። ራቅ ብሎ ይቀመጣል። የሰፈሩ ሰዎች ያዩታል። በፈለጉ ጊዜ መጥተው ያናግሩታል። እስኪጠሩት ድረስ ይጠብቃል። ይህን ስንሰማ ሦስታችንም ተያየን። የወሎ ገበሬና የአውስትራሊያ በረሃ ሰው ተገናኝተው አያውቁም። ደንባቸው ግን አንድ ነው።

ከዚያ እህታችን «ያለንን እንቁጠር» አለች። «ችግር ነው የያዘን ወይስ አምሮት?»

ቆጠርን። በትናንሽ ጠርሙሶች 9 ሊትር ውሃ ተርፎናል። ወሩ የብርድ ስለሆነ እስከ ነገ ጠዋት ለሦስት ሰው ይበቃል። ዳቦ አለን፤ ሽሮ አለን። ነዳጅ አለን። የታመመ የለም። ነገ በጠዋት ዋርበርተን እንገባለን።

እንግዲህ ችግር አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ሹፌራችን ያማረው ቀዝቃዛ ለስላሳ ነው። እህታችን ያማራት ሥዕል ማየት ነው፤ የእነዚያ መንደሮች ሥዕል በዓለም የታወቀ ነው። የወሎው ጓደኛችን ደግሞ ሰው ናፍቆታል። ሦስቱም አምሮት ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁላችንም ተስማማን። ሌሊት ከመካከላችን አንዱ ቢታመም ወዲያው ወደ መንደሯ እንገባለን። የሰው ሕይወት ከሰሌዳ ይበልጣል። በእነዚያ መንደሮች ክሊኒክ አለ። በሽታው ከበድ ካለ አውሮፕላን መጥቶ በሽተኛውን ይወስዳል። ይህ የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት የተጀመረው በ1928 ነው።

ሌሊቱ

ጥቂት ወደፊት ሄደን ለመንገደኛ በተፈቀደ ቦታ ድንኳን ተከልን። በአካባቢው ሙልጋ የሚባል ዛፍ አለ። የእኛ የግራር ዘመድ ነው። ሽሮ ሠርተን በዳቦ በላን። ውሃውን በኩባያ እየለካን ጠጣን። ሹፌራችን አኩርፎ ነበር። «እዚያ ማዶ ቧንቧ አለ፤ እኛ እዚህ ውሃ እንለካለን» አለ። መልስ የሰጠው የለም። እሱም ልክ ነበረው።

ሲመሽ የመኪና መብራት ከሩቅ ብቅ አለ። ወደ መንደሯ ታጠፈ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ መጣ፤ ታጠፈ። እስከምንተኛ ድረስ 11 መኪና ቆጠርን። ለአንዲት ትንሽ መንደር በዛብን።

ጠዋት ድንኳን ስንነቅል አንድ አሮጌ መኪና አጠገባችን ቆመ። ሽማግሌና ሚስታቸው ከፊት፣ ልጆች ከኋላ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ከሰላምታ ቀጥለው «ውሃ አላችሁ?» አሉን። ጀሪካኑን አሳየናቸው።

«ታዲያ ለምን ወደ መንደር አልገባችሁም?»

«ፈቃድ አልያዝንም፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ መንደሯ ዞር ብለው አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለቅሶ ላይ ነን» አሉ።

በዚያ አገር ሰው ሲሞት ዘመድ ከሩቅ መንደር ሁሉ ይሰበሰባል። የሟች ስም አይጠራም። ፎቶው አይታይም። አንዳንድ ጊዜ መንደሩ ለውጪ ሰው ይዘጋል። ሌሊት ያየናቸው መኪናዎች የለቀስተኛ ነበሩ።

ሚስትየዋ ወርደው ከራሳቸው ጀሪካን ውሃ ቀዱልን። ገንዘብ ብናወጣ በእጃቸው ገፉት። «ከየት አገር ናችሁ?» አሉን። «ከኢትዮጵያ» አልን። ጥቂት አሰቡና «እዚያ ዝናብ አለ?» ብለው ጠየቁ። የወሎው ጓደኛችን «አንዳንድ ጊዜ አለ፣ እማማ» አለ። «እዚህም እንዲሁ ነው» አሉ። መኪናው ሄደ።

ከዚያ በኋላ

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። ሹፌራችን እየነዳ «ብንገባ ኖሮ ‹ለቅሶ አለ› ይሉን ነበር። ይቅርታ ጠይቀን እንወጣ ነበር። ምን ጉዳት ነበረው?» አለ።

የወሎው ጓደኛችን «የሚነግሩህ እኮ ለቀስተኛው መሐል መኪና አቁመህ ‹ሱቁ የት ነው?› ስትል ነው» አለው። «በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የደረሰ ከበቅሎው ይወርዳል። አንተ አቧራ እያስነሣህ ልትደርስ ነበር።»

ሹፌራችን ብዙ መንገድ ዝም ብሎ ነዳ። በኋላ «ጥፋቱ ከቤት ስንነሣ ነው» አለ። ይህን ሁላችንም አመንን። ጉዞ ሳንጀምር መንደሮቹን መጠየቅ እንችል ነበር። አልጠየቅንም። ውሃችንንም ለሁለት ጀሪካን መክፈል ነበረብን፤ አንዱ ቢፈስ አንዱ ይተርፍ ነበር። ሁለቱም የእኛ ስንፍና ነው።

ዋርበርተን ስንደርስ ነዳጅ ቀዳን። ውሃ ሞላን፤ በሁለት ጀሪካን ሞላን። ሹፌራችን ለስላሳውን ጠጣ። በዚያ ለእንግዳ የተከፈተ የሥዕል ቤት አለ። እህታችን እዚያ ገብታ ሥዕሎቹን እስክትጠግብ አየች።

እስቲ ተወያዩበት

1. በእናንተ ቀበሌ የመሸበት እንግዳ ሲመጣ ምን ብሎ ይጣራል? ባለቤቱስ ምን ብሎ ይመልሳል?

2. እንግዳ ሳይጠይቅ መግባት ያለበት መቼ ነው?

3. ሹፌራችን «ሰሌዳ እኮ ሰው አይደለም» አለ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱለት ነበር? መልሱን ጽፋችሁ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።