ወታደሩ እንደራሴ እና የገለልተኝነት ዕዳ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼን «ጦርነትን አብዝቶ የሚጠላ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «የተዋጋበት» ሲል መለሰልኝ። መልሱ ሐሚልተን ፊሽን አስታወሰኝ።

ፊሽ እ.ኤ.አ. በ1888 በኒው ዮርክ ግዛት ከታወቀ የፖለቲከኞች ቤተሰብ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ369ኛው እግረኛ ሬጅመንት በሻምበልነት ማዕረግ ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮችን መራ። የገዛ አገራቸው ሠራዊት ከነጮች ጎን ማሰለፍ ስላልፈለገ እነዚህ የሃርለም ልጆች በፈረንሳይ አዛዦች ሥር 191 ቀናት በግንባር ተዋጉ። ፊሽ ወደ ምክር ቤት እንደገባ ስሙ ላልታወቀው ወታደር መታሰቢያ እንዲቆም የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ፤ በ1921 በአርሊንግተን የተቀበረው ያ ወታደር ዛሬም ዘብ ይቆምለታል። በ1940 የምልመላ ሕግ ሲወጣም በዘርና በቀለም አድልዎ እንዳይደረግ የሚከለክል አንቀጽ ያስገባው እርሱ ነበር።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ አሜሪካ ከሌሎች ጦርነት እንድትርቅ ከተሟገቱት ዋነኛ ድምፆች አንዱ የሆነው። ፈሪ ነበር ማለት አይቻልም፤ በጀግንነቱ ተሸልሟል። ነገር ግን እርሱ የቆመበት ወገን ፍልስፍና ሕግ ሆኖ ሲወጣ ምን እንዳስከተለ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በነሐሴ 1935 የጸደቀው የገለልተኝነት ሕግ ጥቅምት ላይ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወርር በሥራ ላይ ዋለ፤ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ መሸጥ ተከለከለ። ለሁለቱም! መድፍና አውሮፕላን በራሷ ፋብሪካ ለምትሠራው ጣሊያን ክልከላው ምኗ ነው? ነዳጅ ደግሞ ከእገዳው ውጪ ነበር።

አያቴ ማይጨው ዘምተው ነበር። በመርዝ ጋዝ የተጎዱት ዐይኖቻቸው እስኪያርፉ ድረስ ያነቡ እንደነበር አባቴ ይነግረኛል። «ጠላትማ ጠላት ነው፤ ያቃጠለኝ ቆሞ ያየው ነው» ይሉ ነበር አሉ።

ታሪክ ፊሽን በገዛ ልደቱ ቀን ፈተነችው። ታኅሣሥ 7 ቀን 1941፣ 53 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች። በማግስቱ ፊሽ በምክር ቤቱ ተነሥቶ የጦርነቱን አዋጅ ደገፈ። ሆኖም ከናዚ ፕሮፓጋንዳ ጋር በተያያዘ ጉዳይ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ በሐሰት ምስክርነት መፈረዱ ስሙን አጎደፈው፤ በ1944ም ምርጫ ተሸነፈ። በ1991 በ102 ዓመቱ አረፈ።

በሰውዬው ላይ አልፈርድም። በቦይ ምሽግ ውስጥ ወንድሞቹን የቀበረ ሰው የሌላ እናት ልጅ አይሙት ቢል እውነት አለው። ጥፋቱ ሌላ ነው፤ እኩል ባልሆኑ ሁለት ሰዎች መካከል እጅ አጣጥፎ መቆምን ፍትሕ አድርጎ መቁጠር። ጉልበተኛውና ደካማው ሲታገሉ «አላገባኝም» ያለ ሰው፣ ሳያውቀው ለጉልበተኛው ፈርዷል።

ይህን የምጽፈው ፈረንጆችን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እኛም ጎረቤታችን ሲገፋ «ከሁለቱም የለሁበትም» ማለትን ጨዋነት አድርገን ለምደነዋል። አያቴ ቢሰሙን ምን ይሉን ይሆን?

ቸር ያሰንብተን።