የሰረዝኳት አንቀጽ

ባለፈው ዓመት ልጆቹ የሟች አባታቸውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ቀጠሩኝ። በዚያ ቤት ያደጉ አንዲት አዛውንት ሳነጋግር፣ እናታቸው እዚያ በባርነት እንደኖሩ፣ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተሻረ በኋላም መሄጃ አጥተው እዚያው እንደቀሩ ነገሩኝ። ጻፍኩት። ታላቁ ልጅ አነበበና «ወንድሜ፣ ይቺን ተዋት። የተቀበረ ነገር ምን ያስቆፍርሃል?» አለኝ። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነበር። ሰረዝኩት።

ሰሞኑን ስለ ፎርተን ቤተሰብ ሳነብ ያቺ አንቀጽ እንቅልፍ ነሳችኝ።

ጄምስ ፎርተን እ.ኤ.አ. በ1766 ፊላደልፊያ ውስጥ ከነጻ ጥቁር ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት መርከብ ላይ ሲያገለግል እንግሊዞች ማረኩት። የመርከቡ አዛዥ ወደ እንግሊዝ ልውሰድህ ቢለው አገሬን አልከዳም ብሎ የእስረኞች መርከብ ውስጥ ገባ። ኋላ የመርከብ ሸራ ሰፊ ሆነ፤ በ1798 የመስፊያ ቤቱን ገዛ፤ ጥቁርና ነጭ ሠራተኞችን አብሮ አሠራ፤ ከበረ። ለባሪያ ነጋዴ መርከብ ግን ሸራ አልሸጥም ማለቱ ይነገርለታል። ጋሪሰን በ1831 «ሊበሬተር» የተባለውን ፀረ ባርነት ጋዜጣ ሲጀምር ገንዘብ ሰጠው፤ አንባቢም አሰባሰበለት።

እኔን የገረመኝ ግን ነገሩ በእሱ አለማብቃቱ ነው። ሚስቱ ሻርሎትና ሴት ልጆቹ በ1833 የፊላደልፊያን የሴቶች ፀረ ባርነት ማኅበር ከመሠረቱት መካከል ነበሩ። ልጁ ሐሪየት ከባሏ ከሮበርት ፐርቪስ ጋር ሆና ከባርነት ያመለጡትን በቤቷ ደበቀች። ፐርቪስ ለሴቶች የመምረጥ መብትም ተሟገተ። በ1838 ፔንሲልቬኒያ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ስትነጥቅ እንኳ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የልጅ ልጁ ሻርሎት ደግሞ በ1862፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ ደቡብ ካሮላይና ወርዳ ከባርነት የወጡትን ፊደል አስቆጠረች።

ሦስት ትውልድ! እኛ ዘንድ ግን በብዙ ቤት ለሦስት ትውልድ የተወረሰው ዝምታ ነው። ያን ዝምታ ደግሞ የሚጠብቀው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ እንደ እኔ ያለ ተከፋይ ጸሐፊም አለበት። ፎርተን የሸራውን ገዢ መርጧል። እኔ ብዕሬን ለከፈለኝ ሰጠሁ።

መጽሐፉ ሲመረቅ አዛውንቷ መጥተው ነበር። «ልጄ፣ የእናቴ ስም አለበት?» አሉኝ።

«ቦታ ጠቦን ነው እማማ» አልኳቸው።

«ይሁና» ብለው ዝም አሉ።

ነገ ቤታቸው እሄዳለሁ። መጀመሪያ መዋሸቴን እነግራቸዋለሁ። ከፈቀዱልኝ ደግሞ የእናታቸውን ስም እዚሁ፣ እናንተ ፊት እጽፈዋለሁ።