ስማቸው በሬዲዮ፣ እሳቸው በእገታ

ስለ ታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲወራ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው የጄነራል መንግሥቱ ንዋይ ስም ነው። የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት፣ ከታናሽ ወንድማቸው ከገርማሜ ጋር ሆነው ዙፋኑን የነቀነቁት፣ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት የተቀጡት ሰው። ስለ እሳቸው ብዙ ተብሏል፣ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ሌላ ጄነራል ነው፤ ስለ ሜጀር ጄነራል ሙሉጌታ ቡሊ።

ሙሉጌታ ቡሊ ከጣሊያን ወረራ በፊት በስዊድን መኮንኖች ይመራ በነበረው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ካለፉት ወጣቶች አንዱ ናቸው። ከነጻነት በኋላ ክብር ዘበኛን በአዛዥነት ለዓመታት መሩ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከዚሁ ጦር ሲውጣጣ አዛዡ እሳቸው ነበሩ። ክብር ዘበኛ ከሰልፍ ማሳመሪያነት አልፎ በሠለጠነ ጦርነቱ ስም ያተረፈው በእሳቸው ዘመን ነው ማለት ይቻላል። በኋላ ወደ ሌላ ሹመት ተዛወሩ፤ ቦታቸውን የተረከቡት መንግሥቱ ንዋይ ናቸው። ሙከራው ሲፈነዳ ሙሉጌታ የሕዝብ ኑሮ ዕድገትን በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ነበሩ።

ታኅሣሥ 4 ማታ፣ ንጉሡ ብራዚል ሳሉ፣ ሴራው ተጀመረ። ባለሥልጣናቱ ወደ ቤተ መንግሥት ተጠሩ፤ ብዙዎቹ እቴጌ ታመዋል ተብለው ነው የመጡት። ሲደርሱ ታገቱ። ሙሉጌታም ከታጋቾቹ አንዱ ሆኑ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚከነክነኝ። አድራጊዎቹ አዲስ መንግሥት መቋቋሙን በሬዲዮ ሲያውጁ ልዑል ራስ እምሩን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሙሉጌታ ቡሊን ደግሞ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁለቱም በሕዝብና በጦሩ ዘንድ የተከበሩ ነበሩ። ሬዲዮ የሚሰማ ወታደር "ሙሉጌታ ካሉበትማ..." እንዲል ነው የተፈለገው። የተፈለገው ስማቸው ነበር። ባለ ስሙ ግን ታጋች ነበሩ።

"ግርግር ለሌባ ይመቻል" ይላል የአገሬ ሰው። ይሄን ሙከራ ሕዝቡ ሲጠራው የኖረውም "የታኅሣሥ ግርግር" እያለ ነው። በዚያ ግርግር መጀመሪያ የተሰረቀው ገንዘብ ወይም መሣሪያ አይደለም፤ የሰው ስም ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ምድር ጦርና አየር ኃይል ለንጉሡ ቆሙ። ታኅሣሥ 6 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ውጊያ ተከፈተ። በማግሥቱ፣ ሽንፈቱ ሲረጋገጥ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በነበሩት ታጋቾች ላይ ተኩስ ተከፈተ። አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ሞቱ። አርበኛው ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ መኮንን ሀብተ ወልድ... ሙሉጌታ ቡሊም እዚያው ወደቁ። ከጥቂት ቀን በፊት "ኤታማዦር ሹማችን" ያሏቸው ሰዎች ገደሏቸው። ያውም እሳቸው ራሳቸው ኮትኩተው ያሳደጉት ጦር ባመፀበት ግቢ።

በአንድ ወቅት ስለ እሳቸው ጽሑፍ ላዘጋጅ ብዬ ለአንድ አዘጋጅ ሐሳቡን አቀረብኩ። የመጀመሪያ ጥያቄው "ከየትኛው ወገን ነበሩ?" የሚል ነበር። ከንጉሡ ወይስ ከአመፀኞቹ? በርዕሱ ላይ አንዱን ካልጻፍን ሰው አያነብልንም አለኝ። አልተስማማንም፤ ጽሑፉም ሳይወጣ ቀረ። አዘጋጁ ላይ አልፈርድም፤ የጠየቀው ሁላችንም የምንጠይቀውን ነው። የሞተ ሰው ስናይ መጀመሪያ የምንፈልገው ወገኑን ነው። ወገን ከሌለው ሐውልትም ስድብም አይደርሰው። ይረሳል።

መንግሥቱ ንዋይ ፍርድ ቤት ቆመው ተናግረዋል። ሐሳባቸውን ወደድነውም ጠላነውም ከራሳቸው አንደበት ደርሶናል። ንጉሡም ተመልሰው የሚሉትን ብለዋል። ሙሉጌታ ግን በሬዲዮ የተሰማው ስማቸው እንጂ ድምፃቸው አልነበረም። "አዎ" ወይም "አይ" የሚሉበት መድረክ አላገኙም። ሹመቱም ሞቱም የመጣባቸው ከሌላ ሰው እጅ ነው።

ገነተ ልዑል ከግርግሩ ማግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው ግቢ ነው። እኔም እዚያ ስማር በግቢው ውስጥ ስለ ታኅሣሥ 1953 ክርክር ስንገጥም ጥያቄው ሁሌ አንድ ነበር፤ መንግሥቱና ገርማሜ ጀግኖች ናቸው ወይስ ከሃዲዎች? ታጋቾቹ በክርክራችን ውስጥ ቁጥር ነበሩ። "አሥራ ምናምን ባለሥልጣናት" ብለን እናልፋቸዋለን።

አንዳንዱ "ለለውጥ ሲባል መሥዋዕትነት አለ" ይለኛል። ሥርዓቱ መለወጥ ነበረበት የሚለውን ክርክር እረዳለሁ። ርስትና ጉልት ገበሬውን እንዴት እንዳጎሳቆለው አውቃለሁ። ነገር ግን መሥዋዕት ማለት ሰው ራሱ ወዶ የሚከፍለው ነው። ሌላውን አግቶ፣ ስሙን ተጠቅሞ፣ ሲሸነፉ መተኮስ ሌላ ስም አለው።

ይሄ የድሮ ታሪክ ብቻ ከመሰላችሁ ስልካችሁን ክፈቱ። "እገሌ ከእኛ ጋር ነው"፣ "እነ እገሌ መግለጫውን ደግፈዋል" የሚል ዝርዝር በየሳምንቱ ይዘዋወራል። ለእኔም ይደርሰኛል። በዝርዝሩ ላይ ላሉት ሰዎች ስደውል፣ ስማቸው መኖሩን ከእኔ የሚሰሙ አጋጥመውኛል። በሬዲዮ ጊዜ ስም ለመስረቅ ጣቢያ መያዝ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አንድ ስልክ ይበቃል። በዚያ በኩል ደግሞ "ስሙ ተጠርቷልና ጠላት ነው" የሚል ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። ሰውየው ሳይናገር ከሁለት ወገን ይፈረድበታል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ አንድ ስም በአንድ ዝርዝር ላይ ስታዩ ከማጨብጨባችሁም ከመስደባችሁም በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ። ሰውየው ራሱ ተናግሯል? ሲናገርስ ነጻ ነበር? ሜጀር ጄነራል ሙሉጌታ ቡሊን ይህን የጠየቀላቸው አልነበረም።